የማያጉረመርም ጊታር

«ያ ጊታርህ ማጉረምረም ሲጀምር፣ በቃ ማክዳ ልትመታ ነው እንላለን» አሉት እማማ ጥሩነሽ፣ ቅዳሜ ጠዋት ቧንቧው ሥር ጀሪካናቸውን እያለቀለቁ። «ግቢው በሙሉ ያውቃል እኮ፣ ዘሩ። እኔማ ገና ስሰማው...» ሊቀጥሉ ሲሉ ተራቸው ደረሰ። እሪ በከንቱ ሰፈር ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ተራው ደርሶ ቆሞ ወሬ የሚጨርስ ሰው የለም። ጀርባቸውን ሰጥተውት ጀሪካናቸውን ደቀኑ። ዘርዓብሩክ ባዶ ባልዲውን እንደያዘ እስከ ጆሮው ድረስ ጋለ። ከኋላው የተሰለፉት ሰምተው እንዳልሰሙ መሬት መሬቱን ያያሉ። ልብስ ሰፊው ኡመር ጉሮሮውን ጠራረገ። እንግዲህ አስቡት፤ ሰውየው ይሄን ሁሉ ጊዜ ገመና ሸፈንኩ ብሎ የኖረው፣ ለካ ጥሩንባ ሲነፋ ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዘርዓብሩክ ጊታር ተጫዋች ነው፤ ፒያሳ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ምድር ቤት ረቡዕና ሐሙስ ይጫወታል። እናቱ ትተውለት የሞቱት የቀበሌ ቤት አንድ ክፍል ነበር፤ በችፑድ ለሁለት ተከፍሎ በወዲህ እሱ፣ በወዲያ ታናሽ እህቱ ማክዳ ከባሏ ከእምሩ ጋር ይኖራሉ። ችፑድ መቼም ግድግዳ አይባልም፤ እምሩ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» የሚለው ዘርዓብሩክ ነው። እምሩ ማክዳን ሲመታት ግን የሚለው ነገር የለውም። የመጀመሪያው ጥፊ እንደተሰማ ጊታሩን አምፕሊፋየሩ ላይ ይሰካና ድምፁን እስከ መጨረሻው ይለቀዋል። በፊት በፊት ይጫወትም ነበር። ኋላ እጁ መንቀጥቀጥ ሲያመጣ ጊታሩን ጭኑ ላይ አጋድሞ ዝም ብሎ መቀመጥ ጀመረ። መጫወትም አላስፈለገውም። ከአንገቱ በኩል ያለችው ፒክአፕ፣ ማለት የክሩን ንዝረት ለቅማ ወደ አምፕሊፋየሩ የምትሰደው ዕቃ፣ አሮጌ ናት፤ ከክሩ ሌላ የአምፖሉን፣ የፍሪጁን፣ የዚያን የጥንት የኤሌክትሪክ ሽቦ ጣጣ ሁሉ አብራ ትለቅምና ማንም ሳይነካት «እምምምም» እያለች ቤቱን ትሞላዋለች። በዚያ ጉርምርምታ ውስጥ ጥፊው ጥፊ አይመስልም፣ ልቅሶውም አይለይም። እናታቸው «የቤታችሁን ለጎረቤት አታሰሙ» ብለው ነው የሞቱት፤ ልጅየው ቃላቸውን ጠበቀ ማለት ነው።

ሽማግሌ አልተቀመጠም እንዳትሉ፣ ተቀምጧል። የነፍስ አባታቸው አባ ወልደገብርኤል ባሉበት እምሩ መስቀል ስሞ፣ ሁለተኛ እጄን አላነሳም ብሎ ምሎ ታርቀዋል። ልጁ ክፉ አይደለም፣ መጠጡ ነው ተባለ። መጠጡም እምሩም ቤታቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት ጠብ ሲነሳ ደጃፉን የሚያንኳኩ እማማ ጥሩነሽ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም «ቤቶች! እስቲ ወንፊት አበድሩኝ» እያሉ። እምሩ እጁን ይሰበስባል፣ በማር ድምፅ «ይግቡ እማማ» ይላል፣ ማክዳ ፊቷን ወደ ጨለማው አዙራ ወንፊቱን ታወርዳለች። አሮጊቷ ወንፊቱን ተቀብለው አይሄዱም፤ ቁጭ ብለው ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ ጉልበታቸው፣ ስለ ማኅበሩ ሴቶች አውርተው አውርተው፣ እምሩን እንቅልፍ ሲጥለው ነው የሚወጡት። ዘርዓብሩክ በወዲህ ሆኖ ይበሳጫል። ምን ዓይነት ሴትዮ ናቸው፣ አንድ ወንፊት መግዛት ያቅታቸዋል ወይስ ወሬ ለመልቀም ነው፣ ይላል። አይ ጭንቅላት!

ውሃውን ቀድቶ ሲመለስ ማክዳ ደጃፏ ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋን እስከ ግራ ቅንድቧ ጎትታዋለች። የትናንቱን እሱም ያውቃል፣ እሱ እንደሚያውቅም እሷ ታውቃለች። ውሃው መጣ ወይ አለችው፣ መጣ አላት። ባልዲውን ተቀብላ ግማሹን በእሷ እንስራ፣ ግማሹን በእሱ ጀሪካን ገለበጠች። በእጇ የያዘችውን ዳቦ ቆርሳ ትልቁን ለእሱ ሰጠችው። ቅንድብሽ እንዴት ነው ሊላት አፉን ከፈተና፣ ወደ ፒያሳ መውጣቴ ነው፣ የምትፈልጊው ነገር አለ ወይ አላት። ምንም አለች። የወንድምና የእህት ጨዋታቸው ይሄው ነው፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ከዚህ ረዝሞ አያውቅም።

ዘርዓብሩክ ጊታሩን አዝሎ ሲወጣ ልቡ ቆርጦ ነበር። ቆርጦ ነበር ስላችሁ እምሩን አንቆ ሊይዝ እንዳይመስላችሁ። የማያጉረመርም ፒክአፕ ሊገዛ ነው የቆረጠው። አሉ አይደል፣ ክር ካልነኩ በቀር ትንፍሽ የማይሉ። እሱን ካስገጠመ በኋላ ቀን በቀን በለሆሳስ ይጫወታል፤ እምሩ ሲነሳበትም በዚያው ይቀጥላል። ያኔ እማማ ጥሩነሽ የደህናውን ቀን ከክፉው በምን ይለያሉ? ሌሊቱን እህቱ ስትመታ አድራ፣ ጠዋት ላይ የሚያሳስበው የጎረቤት ጆሮ ነው። ሰው እንደዚህም ይሆናል።

ራስ መኮንን ድልድይ ጋ ሲደርስ ጠብ ተነስቷል። የታክሲ ረዳትና አንድ ተሸካሚ ተያይዘው አስፋልቱ ላይ ወድቀዋል፤ ተሸካሚው ከላይ ሆኖ የረዳቱን ራስ ከመንገዱ ጠርዝ ጋር ያጋጨዋል፣ ረዳቱ በጥርሱ የሰውየውን ክንድ ይዟል። ደሙ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ዘርዓብሩክ ጊታሩን ለጎመን ሻጭ ሴትዮ አስይዞ ዘሎ መሀል ገባ። ተሸካሚውን ከኋላ አቅፎ በእመቤቴ ይሁንብህ፣ ተው ወንድሜ፣ ሰው ትገድላለህ እያለ ጎትቶ አነሳው። በክርን አፉ ላይ ቀመሰ፣ ከንፈሩ ተተረተረ፣ ግን አልለቀቀም። ሌሎችም ደረሱና ገላገሏቸው። ጎመን ሻጯ ጊታሩን ስትመልስለት ተባረክ፣ ሰው ማለት እንዳንተ ነው አለችው። እሱም አመነ መሰለኝ፤ ደሙን እየዋጠ ደረቱን ነፍቶ ነው ዳገቱን የወጣው።

ፒያሳ ግማሿ ፈርሳ መንገድ ከሆነች ወዲህ የሙዚቃ ዕቃ ሻጮቹ ተበታትነዋል። ዑዘይር ግን ቸርችል ጎዳና መውረጃ ላይ ከአንድ ጫማ መደብር ጀርባ ጠባብ ሱቅ አግኝቷል፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በሩ ላይ ነው የሚቆመው። የዘርዓብሩክን ከንፈር አይቶ ደነገጠ፤ ስገላግል ነው ሲለው ደግሞ ሳቀበት። ጊታሩን ተቀብሎ ሰካው። አሮጌዋ ፒክአፕ የሱቁን ነጭ መብራት እንዳገኘች እንደ ተነካ የንብ ቀፎ ተነሳች። ዘርዓብሩክ ድምፁን ሲሰማ ትከሻው ወደ ላይ ተሰበሰበ፤ አጥፋው አለ፣ ቶሎ አጥፋው። ዑዘይር አጥፍቶ ትንሽ አየውና ለሙከራ የሚያስቀምጣቸውን ሦስት ጊታሮች ከግድግዳው አወረደ።

የመጀመሪያው ላይ ያለው ፒክአፕ ርካሹ ነበር። በእርግጥ ዝም ይላል፤ ግን ክሩ ሲመታም ከብርድ ልብስ ሥር የሚዘፍን ይመስላል። ዑዘይር ራሱ፣ ይሄ ለልጆች ነው ብሎ መልሶ ሰቀለው። ሁለተኛው ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ምላጭ የመሰሉ ብረቶች አሉት፤ ድምፁ ወፍራም፣ ጉልበተኛ ነው። ዘርዓብሩክ ሁለቴ መታውና እጁን አነሳ። አይ አለ፣ ይሄ ይጮሃል፣ እኔ የምፈልገው ለስላሳ ነው። ሦስተኛውን ሲይዝ ምንም ጉርምርምታ አልነበረም። ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀው፤ ምንም። አውራ ጣቱን በወፍራሙ ክር ላይ ሲያሳርፍ ጥርት ያለች ድምፅ ወጥታ ሱቁን ዞራ ተመለሰች፤ ክሩን ሲይዘው ደግሞ ጭጭ። ዑዘይር ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ የዕቃውን አሠራር አስረዳው።

«ውስጡ ሁለት ጥቅል ሽቦ አለ፣ አንዱ ባንዱ ላይ የተቀመጠ» አለው። «ጉርምርምታውን ሁለቱም እኩል ይሰሙታል። ሁለቱም የሰሙትን ሁለቱም ይውጡታል። ወደ ውጭ የሚወጣው ክሩ ብቻ ነው።»

ዋጋው የዘርዓብሩክን የወር አስቤዛ የሚበላ ነበር። ዑዘይርም ነጋዴ ሆኖ ሳለ መከረው፤ ወላሂ ዘሩ፣ ለክለብ ከሆነ አሮጌዋን አትንካት፣ ቀስ ያለ ዜማ ላይ እንደሷ የሚያለቅስ የለም፣ ሰካራም መሀል ጉርምርምታውን ማን ይሰማዋል አለው። ለቤት ነው አለ ዘርዓብሩክ። ለቤት? ቤት ውስጥ ምን አስቸገረህ? ጎረቤት አለ። ዑዘይር የጎረቤትን ነገር እሱም ያውቃልና አልጠየቀም። አሮጌዋን በለውጥ ወስዶ ዋጋውን ቀነሰለት፤ የብየዳ ካውያውን አግሎ ሽቦዎቹን አላቆ አዲሱን እዚያው ገጠመው። አሮጌዋ ፒክአፕ ባንኮኒው ላይ አቧራዋን ለብሳ ተቀመጠች። ዘርዓብሩክ ሲወጣ ዞር ብሎም አላያት።

ዳገቱን ተመልሶ አንድ ማኪያቶ ቤት ሲያልፍ «ዘሩ! ወንድሜ!» የሚል ድምፅ ከውስጥ ጠራው። እምሩ ነው። የመኪና ባትሪ ይነግዳል፤ ፒያሳ ላይ የማይወደው ሰው የለም። ለአስተናጋጇ ጉርሻ ይተዋል፣ ለሊስትሮው የሰላምታ እጅ ይሰጣል፣ ለቅሶ ቤት ቀድሞ የሚደርሰው እሱ ነው። ባንኮኒው ጋ ቦታ ለቀቀለትና ማኪያቶ አዘዘለት። ከንፈሩን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። ማን ነው የነካህ፣ ስሙን ብቻ ንገረኝ፣ እጁን ነው የምሰብረው አለ። እውነቱን ነበር፤ ይሰብረው ነበር። ዘርዓብሩክ ስለ ድልድዩ ጠብ ነገረው፣ ወሬውን ለማስለወጥም ስለ ፒክአፑ ነገረው። ከእንግዲህ አያጉረመርምም አለው። እምሩ ስኳሩን ማማሰል ጀመረ። የቀኝ እጁ አንጓ ተልጧል፤ ቁስሉ የትናንት ነው። ዘርዓብሩክ አየው፣ እምሩም ሲያየው አየው፣ ማንኪያው ብርጭቆው ውስጥ መዞሩን ቀጠለ።

«ጎበዝ» አለ እምሩ በመጨረሻ። «እኔም ስንቴ ልልህ ነበር። ሰው ምን ይለናል?» የሁለቱንም ከፍሎ፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ። ዘርዓብሩክ ማኪያቶውን ጨረሰው። ጣፍጦት ይሁን አይሁን እኔ እንጃ።

ቤት ደርሶ ሰካው። በዚያ ቤት፣ በዚያ ሽቦ፣ እንኳን ጉርምርምታ የዝንብ ድምፅ አልወጣም። ደስ አለው፤ እውነቱን ለመናገር ከብዙ ጊዜ ወዲህ እንዲህ ደስ ብሎት አያውቅም። ቀስ ያለች ነገር መጫወት ጀመረ። ማክዳ ሽሮ በሰሃን ይዛ ገባች፣ ሰሃኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቆመች። ሠራልህ አለችው። ሠራ አላት፣ እጁን ከክሩ ላይ አንስቶም አሳያት። እሷ አምፕሊፋየሩን አየች፣ ቀይዋ መብራት በርታለች፣ ድምፅ የለም።

«አሮጌውን የት አደረግኸው?» አለችው።

ለዑዘይር ሰጠሁት አላት። ነጠላዋን በእጇ ጨበጠች፣ ለቀቀችው። መልሶ አይሰጥህም ወይ ልትል የፈለገች መሰለ። ከዚያ ግን «ሽሮው ይቀዘቅዝብሃል» ብላ ወጣች። ዘርዓብሩክ ፊቷን ሳያይ አልቀረም። ግን እንጀራውን ጠቅልሎ ጎረሰ።

ፀሐይ ስትገባ እምሩ መጣ። አረቄው ከእሱ ቀድሞ በችፑዱ ስንጥቅ ገባ። ዘርዓብሩክ ጊታሩን አንስቶ ድምፁን እስከ መጨረሻው ለቀቀ፣ በለሆሳስ ሊጀምር ግራ እጁን አንገቱ ላይ፣ ቀኝ እጁን ክሩ ላይ አደረገ። እጁ ግን አልታዘዘውም። ጣቶቹ ክሩ ላይ እንዳረፉ ደረቁ። ድሮ ይሄን ያህል አያስጨንቀውም ነበር፣ ጉርምርምታው ይሠራለታል። ዛሬ ምንም የሚሠራለት የለም። ስለዚህ ሰማ። ይሄን ሁሉ ጊዜ እዚያው ተቀምጦ ሰምቶት የማያውቀውን ከመጀመሪያው ጀምሮ ሰማው።

እምሩ አልጮኸም። ጠዋት ቧንቧው ጋ ከኡመር ጋር ምን ነበር የሚያስቅሽ አላት፣ ቀስ ብሎ። አልወጣሁም አለች። አልሳቅሽም? አልሳቅኩም። ታዲያ ያየሽ ሰው ውሸታም ነው? እሺ ሳቅኩ አለች ማክዳ። ጥፊው ያኔ ነው የመጣው፤ ከዚያ ቡጢው፣ ከዚያ ወንበር ወደቀ። በየመሀሉ «እሺ» ትላለች። እሺ። እሺ። አንድ ነገር አዝዟት የምትታዘዘው ያስመስለዋል። ራሷ ችፑዱን ሲመታው በወዲህ በኩል በሚስማር የተሰቀለው የዘርዓብሩክ መስታወት ወደቀና ተሰበረ። ሌላም ምት መጣ፣ በመዳፍ፣ ጆሮ ላይ የሚያርፍ ዓይነት፤ ከእሱ በኋላ «እሺ» ቀረ። ትንሽ ቆይቶ «ዘሩ» አለች። አልጮኸችም። አጠገቧ የተቀመጠን ሰው እንደምትጠራ ነው የጠራችው።

ዘርዓብሩክ በሩን በሩን ያያል። «ቤቶች!» የሚለውን ድምፅ እየጠበቀ ነው። በዚህ ሰዓት ይመጣሉ፣ ሁሌ ይመጣሉ፣ ዛሬ ምን ሆነው ነው? በወዲያ በኩል የሆነ ነገር መሬቱ ላይ ተጎተተ። ጊታሩን ጥሎ ብድግ አለ፤ ወጣ። ወደ እህቱ በር ለመድረስ ሁለት እርምጃ ይበቃው ነበር። እሱ ግን ግቢውን በሩጫ አቋርጦ እማማ ጥሩነሽ ደጃፍ ደረሰ።

እማማ ጥሩነሽ ሰፌድ ጭናቸው ላይ አድርገው ምስር ይለቅማሉ። ቀና ብለው አዩት። እህቴን እየገደላት ነው ማለት አፉ አልቻለም፤ ያን ቃል ተናግሮ አያውቅማ።

«እማማ» አለ፣ «ዛሬ ወንፊት አይፈልጉም?»

አሮጊቷ ፊቱን አዩ። ቀጥሎ ጆሯቸውን ወደ እነሱ ቤት ጣል አደረጉ፣ ምንም የለም፣ ግቢው ጭጭ ብሏል። «ጊታርህ ዝም አለ እኮ» አሉ። «እኔ እኮ ተመስገን፣ ዛሬስ ሰላም ዋለች እያልኩ ነው የተቀመጥኩት። ምን አደረግኸው?» ሲነሱ ሰፌዱ ተገለበጠ፣ ምስሩ ደጃፉ ላይ ተበተነ። ከኋላቸው፣ ከበሩ ራስጌ፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ወንፊት በሚስማር ተሰቅለዋል። ዘርዓብሩክ ሁለቱንም አያቸው።

ሲደርሱ እምሩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እጁን በፎጣ ይጠርጋል። ማክዳ በግድግዳውና በአልጋው መሀል ተጣጥፋለች፤ ከግራ ጆሮዋ የወጣ ቀጭን ደም አንገቷን ተከትሎ ቀሚሷ ውስጥ ገብቷል። እማማ ጥሩነሽ ወደ እሷ ወደቁ። ዘርዓብሩክ የወደቀውን ወንበር አንስቶ በእምሩ ትከሻ ላይ ሰበረው። በሁለተኛው ምት እግሩን፣ በሦስተኛው የት እንደመታው እሱም አያውቅም፤ ሲያገሳ የሰማው ሰው ሁሉ መጣ። መጡና ማንን ያዙ? ዘርዓብሩክን! አንዱ ወገቡን፣ አንዱ ክንዱን፣ ኡመር አንገቱን አቅፎ ተው ወንድሜ፣ ሰው ትገድላለህ ይለዋል። ያን ጊዜ እምሩ ተነሳ። ኮቱን አራገፈ፣ ደም ያለበትን ከንፈሩን በፎጣው ጠረገ፣ በመሀላቸው አልፎ እያነከሰ ከግቢ ወጣ። ገላጋይ የያዘው ስለሌለ ነው የወጣው።

ኡመር ታክሲ ሊያመጣ ሮጠ። ማክዳን ወደ ወንድሟ ክፍል ወሰዷት፣ የእሷ አልጋ ደም ነክቶታልና። እማማ ጥሩነሽ ጆሮዋን በንጹሕ ጨርቅ ይዘውላት አጠገቧ ተቀመጡ። ዘርዓብሩክ እግሯ ሥር ቆሟል። ይቅርታ ሊላት ፈለገ፣ እምሩ እዚህ ቤት ሁለተኛ አይገባም ሊላት ፈለገ። እሷ ግን ቀድማ ዓይኗን ገለጠች።

«ዘሩ፣ ጊታሩን አጥፋልኝ» አለች። «ያጉረመርማል።»

ጊታሩ ጣል እንዳደረገው መሬት ላይ ተኝቷል፣ ዝም ብሏል። ጎንበስ ብሎ ገመዱን ነቀለ። አሁንም አለ አለችው፣ ጆሮዋን እየጠቆመች። አምፕሊፋየሩን ከግድግዳው ነቀለ፣ ፍሪጁን ነቀለ፣ አምፖሉን አጠፋ። አሁንም አለ። እማማ ጥሩነሽ ነጠላቸውን አፋቸው ውስጥ ከተቱ። ዘርዓብሩክ ወጥቶ በረንዳው ላይ ካለው የግቢው የጋራ ቆጣሪ ባልቦላውን ነቅሎ መጣ፤ የግቢው ቤቶች ሁሉ ጨለሙ፣ የሆነ ቤት ይዘፍን የነበረ ሬዲዮም ጸጥ አለ። ባልቦላውን በመዳፉ ይዞ አልጋው አጠገብ ተንበረከከ።

«አሁንስ?» አላት።

«አለ» አለችው።